ዮርክ ፋክተሪ፦ በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የቆዳ ንግድና የመደራደር ኃይል ታሪክ

በካናዳ የማኒቶባ ክፍለ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ፣ የሄይስ ወንዝ ወደ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ በሚገባበት ረግረጋማ ዳርቻ፣ አንድ ትልቅ ነጭ የእንጨት ሕንፃ ቆሟል። የመኪና መንገድም ሆነ የባቡር ሐዲድ አይደርስበትም። ቦታው ዮርክ ፋክተሪ ይባላል፤ ፋክተሪ በዘመኑ አነጋገር ፋክተር የተባለው የንግድ ሹም የሚቀመጥበት ጣቢያ ነው። የሃድሰን ቤይ ኩባንያ በ1684 አቋቁሞት፣ ፈረንሳዮች በየጊዜው እየነጠቁት፣ ወንዙም እያጥለቀለቀው፣ እስከ 1957 ድረስ ሲነገድበት ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እንዲህ ዓይነቶቹ ምሽጎች ሁለት ትረካዎች ሲነገሩ ኖረዋል። የቀድሞው ትረካ በረዶና ረኃብ ያልበገራቸውን የነጭ ነጋዴዎች ጀግንነት ያወድሳል። ኋላ የመጣውና በብዙ አንባቢ ዘንድ ዛሬም የሰፈነው ደግሞ በአንድ ጠርሙስ አረቄና በእፍኝ ጨሌ የወርቅ ያህል የሚያወጣ ቆዳውን ስለተነጠቀ የዋህ አዳኝ ይተርካል። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ መሠረታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ቆዳውን ይዞ የመጣውን ሰው ዋጋ የማያውቅ አድርገው ይስሉታል። የምሽጉ የንግድ መዝገብ ግን ይህን አይደግፍም። መዝገቡ የሚያሳየው ጠንካራ ተደራዳሪ ነው፤ ያውም ዕቃ የሚያማርጥ፣ ልኬት የሚቆጣጠር፣ ካልተስማማው ታንኳውን አዙሮ ወደ ሌላ ገዢ የሚሄድ ተደራዳሪ። የዚህ መጣጥፍ ክርክር የሚያርፈውም በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ነው። ቆዳውን ያመጣ የነበረው የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ የክሪ ሕዝብ፣ ኃይል ይመነጭ የነበረው ከሌላ ገዢ መኖር ነበር። ያ ሌላ ገዢ በ1821 ሲጠፋ ኃይሉም አብሮ ሄደ፤ ምሽጉ ግን ጥይት መተኮስ እንኳ አላስፈለገውም።

የባርኔጣው ጉዳይ

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በባርኔጣ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ የተከበረ ሰው ባርኔጣ ከቢቨር ጸጉር የተሠራ ነበር። ቢቨር በወንዝ ውስጥ እንጨት እየቆረጠ ግድብ የሚሠራ እንስሳ ሲሆን፣ ጸጉሩ ሁለት ድርብ ነው፦ ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከሥር አጭርና ልስልስ። የውስጠኛው ጸጉር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እሾሆች ስላሉት ሲጠቀጠቅ እርስ በርሱ ተያይዞ ውኃ የማያስገባ ጠንካራ ጨርቅ ይወጣዋል። የምዕራብ አውሮፓ ቢቨር በአደን ተመናምኖ ስለነበር ባርኔጣ ሠሪዎች ዓይናቸውን ወደ ሰሜን አሜሪካ አዞሩ።

ቆዳው በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንደኛው ተገፎ የደረቀ ነው። ሁለተኛውና ለረጅም ጊዜ ይበልጥ ይፈለግ የነበረው አዳኞቹ ሰፍተው፣ ጸጉሩን ወደ ገላቸው አድርገው፣ አንድ ሁለት ክረምት የለበሱት ካባ ነው። የሰውነት ላብና ቅባት ቆዳውን ያለሰልሰዋል፤ ሻካራው ጸጉርም በመታሸት ብዛት ይረግፋል። የሎንዶን ባርኔጣ ሠሪ በጉጉት ይጠብቅ የነበረው እንግዲህ የክሪ ቤተሰብ ለብሶ የጣለውን አሮጌ ልብስ ነበር። ማን ማንን የዋህ ሊለው ይገባ እንደነበር መጠየቅ ይቻላል።

ወደዚህ ቆዳ የሚያደርሰው ነባሩ መንገድ በቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ በኩል ሲሆን በፈረንሳዮች እጅ ነበር። ከአገራቸው ሹማምንት ጋር የተጣሉ ሁለት ፈረንሳውያን፣ ራዲሶንና ግሮዜሊየ፣ በሰሜን በኩል በባሕር መግባት እንደሚቻል እንግሊዞችን አሳመኑ። ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛም ግንቦት 2 ቀን 1670 ለሃድሰን ቤይ ኩባንያ ቻርተር ሰጠ። ቻርተሩ ወደ ባሕረ ሰላጤው በሚፈስሱ ወንዞች የሚጠጣውን አገር በሙሉ ለኩባንያው ሰጥቶ፣ በመጀመሪያው ገዥ በልዑል ሩፐርት ስም የሩፐርት ምድር አለው። በዚያ አገር ላይ የሚኖሩትን የጠየቃቸው አልነበረም። ቻርተሩ በወረቀት ላይ ያን ያህል ሰፊ ይሁን እንጂ በመሬት ላይ ኩባንያው ለመቶ ዓመት ያህል ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም አልራቀም። መራቅም አላስፈለገውም፤ ቆዳውን እስከ በሩ የሚያመጡለት ሰዎች ነበሩ።

ጦርነትና ረኃብ

ዮርክ የቆመው ከኔልሰንና ከሄይስ ወንዞች አፍ አጠገብ ነው። የሄይስ ወንዝ እስከ ዊኒፔግ ሐይቅ፣ ከዚያም እስከ ታላቁ ሜዳ የሚዘልቅ የታንኳ መንገድ ስለሆነ ከባሕረ ሰላጤው ጣቢያዎች ሁሉ ትርፋማው ይኸው ሆነ። ትርፉም ጠላት ሳበበት። ዲበርቪል የተባለው ፈረንሳዊ የጦር መሪ በ1694 ያዘው፤ እንግሊዞች በ1696 አስመለሱት። በ1697 ዲበርቪል በአንዲት መርከብ፣ ፔሊካን በምትባል፣ ሦስት የእንግሊዝ መርከቦችን ገጥሞ ድል ነሳና ምሽጉን እንደገና ያዘ። ፈረንሳዮችም ፎር ቡርቦን ብለው እስከ 1714 ቆዩበት።

የፈረንሳዮቹ የመጨረሻ ዓመታት ስለ ምሽጉ እውነተኛ አቋም ከመርከብ ውጊያው የበለጠ ያስተምራሉ። በአውሮፓ ጦርነት ሳቢያ ከፈረንሳይ የሚመጣው መርከብ ለዓመታት ቀረ። መጋዘኑ ባዶ ሆነ፤ ባሩድ አለቀ። በዙሪያው የሚኖሩት ክሪዎች በዚያን ጊዜ በጠመንጃ ማደን ለምደው ስለነበር ረኃብ ገባባቸው። በ1712 የምሽጉ አዛዥ ኒኮላ ጄሬሚ ለአደን የላካቸው ሰዎች ከተራቡ ክሪዎች አጠገብ ሰፈሩ። እነርሱ እየተኮሱ ሲበሉ ክሪዎቹ ባሩድ አጥተው ያዩ ነበር። ክሪዎቹ ተነሥተው ፈረንሳዮቹን ገደሏቸው። ጄሬሚ በቀረው ጥቂት ሰው ምሽጉን ዘግቶ ክረምቱን በስጋት አሳለፈ። ሁለቱም ወገን ያለ ሌላው መኖር እንደማይችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ንግዱን የችሮታም የዝርፊያም ታሪክ አድርጎ መጻፍ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያን የአውሮፓ ጦርነት በዘጋው የዩትሬክት ውል መሠረት ምሽጉን በ1714 የተረከበው ጄምስ ናይት የተባለ ሽማግሌ ሹም ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከክሪዎች ምርኮ ያመለጠች አንዲት የዴኔ ሴት በብርድና በረኃብ ተጎድታ ምሽጉ ደረሰች። ዴኔዎች በስተሰሜን የሚኖሩ የክሪዎች ጠላቶች ሲሆኑ፣ ክሪዎች ጠመንጃ በመያዛቸው ምክንያት ወደ ምሽጉ መቅረብ አልቻሉም ነበር። ናይት በመዝገቡ «ባሪያይቱ ሴት» እያለ ነው የሚጽፋት፤ ታናዴልቱር የሚለውን ስሟን ያቆየልን የሕዝቧ የቃል ትውፊት ነው። በ1715 ክረምቱ ሳይመጣ 150 ያህል ክሪዎችና ዊሊያም ስቱዋርት የተባለ የኩባንያው ሰው ወደ ዴኔ አገር ለእርቅ ሲጓዙ እርሷ አስተርጓሚም መሪም ሆና ወጣች። ጉዞው በረኃብ ተበታተነ። በመንገድ ላይ አንዳንድ ክሪዎች ዴኔዎችን ገድለው ተገኙ። እርሷ ግን የቀሩትን ጓዶቿን በአንድ ቦታ እንዲጠብቁ አድርጋ ብቻዋን ወደ ወገኖቿ ሄደች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ለምና ወደ እርቁ አመጣቻቸው። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ከዴኔዎች ጋር ወደ ዮርክ ተመለሰች። የካቲት 5 ቀን 1717 በሕመም ስትሞት ናይት በሐዘን ጻፈላት። በዚያው ዓመት በቸርችል ወንዝ አፍ ለዴኔዎች የሚሆን አዲስ ጣቢያ ተከፈተ። ኩባንያው የሰሜኑን ንግድ ያገኘው በአንዲት ከምርኮ ባመለጠች ሴት ብልሃት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመስኮቱ በኩል

በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ በረዶው ከወንዙ ሲለቅ ታንኳዎቹ ይደርሳሉ። ከምሽጉ በላይ ባለው መታጠፊያ ቆም ብለው ልብሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ተሰልፈው፣ ጠመንጃ ወደ ሰማይ እየተኮሱ ይመጣሉ። ምሽጉም በመድፍ ይመልሳል። የታንኳዎቹ አለቃ ወደ ፋክተሩ ክፍል ይገባል፤ ወንበር ይሰጠዋል። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ትንባሆ ያጨሳሉ። ከዚያ አለቃው ስንት ታንኳ እንዳመጣ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ ማን እንደሞተ ይናገራል። ፋክተሩ ባለ ጌጥ ኮት፣ ሸሚዝ፣ ላባ ያለው ባርኔጣ ያለብሰዋል፤ ትንባሆና አረቄም ለሰዎቹ የሚያከፋፍለው ይሰጠዋል። አለቃውም በበኩሉ ከተከታዮቹ የሰበሰበውን ቆዳ እጅ መንሻ ያቀርባል። ይህ ሁሉ ሳይፈጸም ንግድ የለም። በምሽጉ ያገለገሉት ጄምስ አይሻምና አንድሩ ግራሃም በ18ኛው መቶ ዘመን የጻፏቸው ማስታወሻዎች ይህን ሥነ ሥርዓት በዝርዝር መዝግበውልናል።

አለቃው በዚህ አጋጣሚ የሚያደርገው ንግግር ትሕትናና ማስጠንቀቂያ የተቀላቀለበት ነው። ልኬቱ ሙሉ ይሁን፤ የባሩዱ ቁና በአውራ ጣት አይጎድል፤ ትንባሆው እንዳምናው አይሻግት፤ ጠመንጃው በብርድ ቀን የማይከዳ ይሁን፤ አለበለዚያ ፈረንሳዮቹ አሉ። ግራሃም እንደሚነግረን አለቃው በመጨረሻ ክብረ በዓሉ የተፈጸመበትን ትልቁን ፒፓ በምሽጉ ትቶት ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሊመለስ ማለት ነው። ቅር ከተሰኘ ግን ፒፓውን ይዞት ይወጣል። ያን ቀን ፋክተሩ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ለሎንዶን የሚጽፈው ደብዳቤ ይከብደዋል።

ተራ ነጋዴው ወደ ውስጥ አይገባም። ቆዳውን የሚያቀርበው በግድግዳ ላይ በተከፈተ መስኮት ሲሆን፣ ዕቃውንም በዚያው ይቀበላል። ገንዘብ አልነበረም። ሁሉም ነገር የሚመዘነው ሜድ ቢቨር በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ሜድ ቢቨር ማለት የአንድ ጥሩ የደረሰ ቢቨር ቆዳ ዋጋ ነው። ማርተን የተባለው እንስሳ ሦስት ቆዳ እንደ አንድ ቢቨር ይቆጠራል፤ አንድ ጠመንጃ ከ10 ሜድ ቢቨር በላይ ያወጣል። የእኛ አንባቢ አሞሌ ጨው በገበያ እንዴት ይሠራ እንደነበር ስለሚያውቅ አሠራሩ አይከብደውም፤ ልዩነቱ አሞሌ በእጅ ተይዞ የሚሰጥ ነገር ሲሆን ሜድ ቢቨር በአመዛኙ በመዝገብ ውስጥ ብቻ የሚኖር የሒሳብ መለኪያ መሆኑ ነው።

የዋጋውን ዝርዝር የሚያወጣው በሎንዶን የተቀመጠው የኩባንያው ኮሚቴ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ዋጋው ለአሥርተ ዓመታት የማይነቃነቅ ይመስላል። በመስኮቱ ላይ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል። ፋክተሩ ከተወሰነው ዋጋ በላይ ያስከፍላል፤ ጨርቁን ሲለካ ያሳጥራል፤ አረቄውን በውኃ ያቀጥናል። ከዚህ የሚያገኘውን ብልጫ በተለየ አርዕስት ይመዘግበዋል። ይህ ብልጫ ወደ ኪሱ የሚገባ ሳይሆን ለአለቆቹ የሚሰጠው ገጸ በረከት የሚሸፈንበት ነው፤ ከእርሱ የተረፈው የኩባንያው ትርፍ ይሆናል። ፈረንሳዮች ሲቀርቡ ብልጫው ይቀንሳል፤ ሲርቁ ይጨምራል። ታሪክ ጸሐፊው አርተር ሬይ ከዶናልድ ፍሪማን ጋር በ1978 ባሳተሙት ጥናት የምሽጉን ሒሳብ ከዓመት ዓመት አገላብጠው ያሳዩት ይህንን ነው። እውነተኛው ዋጋ የሚገኘው ከሎንዶን ዝርዝር ላይ አይደለም፤ ከዚህ ብልጫ ከፍታና ዝቅታ ውስጥ ነው።

ስለ ዕቃ ጥራት የነበረው ክርክርም ትኩረት ይገባዋል። ክሪዎች የሚወዱት በሞላሰስ ታሽቶ እንደ ገመድ የተገመደውን የብራዚል ትንባሆ ነበር። ኩባንያው በሌላ ሊተካው ሞክሮ አልተሳካለትም፤ ስለዚህ ከሊዝበን እየገዛ በሎንዶን አድርጎ ወደ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ይልከው ጀመር። ያ ትንባሆ በባሂያ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ያመረቱት ነው። በአንድ የበረዶ አገር መስኮት ላይ የአንድ አዳኝ ምርጫ ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስ፣ በማን ጫንቃ ላይም እንደሚያርፍ ይህ አንድ ዕቃ ብቻውን ያሳያል። ጠመንጃዎችም በብርድ ሲሰነጠቁ፣ ድስቶች ሲከብዱ፣ ፋክተሮቹ ክሪዎች አንቀበልም ያሉትን ዕቃ ናሙና ከነቅሬታው ወደ ሎንዶን ይመልሱ ነበር።

የታሪክ ጸሐፊዎቹ ክርክር

የኩባንያውን ታሪክ የጻፈው ኢ. ኢ. ሪች በ1960 አንድ ተደማጭ ሐሳብ አቀረበ፦ ነባሩ ሕዝብ የተወሰነ ፍላጎት ብቻ ስላለው ለቆዳው የሚሰጠው ዋጋ ሲጨምር የሚያመጣው ቆዳ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በአውሮፓ ገበያ ሕግ አይመራም። ይህ አባባል በከፊል መዝገቡን ተመርኩዟል፤ ፋክተሮቹ እንዲህ እያሉ ያማርሩ ነበርና። የሬይ መልስ ቀላልና አሳማኝ ነው። ከሳምንታት ጉዞ በኋላ የሚደርስ፣ ከበረዶው በፊት መመለስ ያለበት፣ ከሁሉም በላይ የታንኳው ጭነት የተወሰነ ሰው ከሚችለው በላይ ሊገዛ አይችልም። ታንኳው ከሞላ ሞላ። ይህን የአእምሮ ልዩነት ብሎ መተርጎም የጭነት ማመላለሻን ጥያቄ የፍልስፍና ጥያቄ ማድረግ ነው።

የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪዎቹ አን ካርሎስና ፍራንክ ሉዊስ በ2010 ባወጡት መጽሐፍ ጉዳዩን ወደ ፊት ገፉት። የዮርክን ሒሳብ ተከትለው የደረሱበት ድምዳሜ የቆየውን ትረካ በሁለት በኩል ይመታል። በአንድ በኩል ለቆዳው የሚከፈለው ዋጋ ሲያድግ አዳኞቹ ይበልጥ ያድኑ ነበር፤ በተጨማሪው ገቢም ትንባሆ፣ ጨርቅና ጌጣ ጌጥ ይገዙ ነበር። አረቄ ከግዢያቸው ውስጥ የነበረው ድርሻ በታሪክ ከሚወራው እጅግ ያነሰ ነው፤ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ከሚጠጣው አይደርስም። በሌላ በኩል ግን ይኸው ትጋት ቢቨሩን አመናመነው። በ1730ዎቹ ላ ቬራንድሪ የተባለው ፈረንሳዊ በዊኒፔግ ሐይቅ ዙሪያ ጣቢያዎችን ሲተክል ዮርክ ዋጋ ለመጨመር ተገደደ፤ የተጨመረው ዋጋ አደኑን አበረታታ፤ የቢቨሩም ቁጥር ከሚተካው በታች ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የአካባቢው ሕዝቦች የማደኛ ወሰን ካላቸው ለምን አልቆጠቡም? አንዱ መልስ ከራሳቸው ሥነ ምግባር ይመጣል። የተራበ መንገደኛ በሌላው ክልል ቢቨር ገድሎ ሥጋውን ቢበላ ነውር የለበትም፤ በረኃብ አገር ይህ ሕግ የሕይወት ዋስትና ነው። ነገር ግን ቢቨር ምግብም ሸቀጥም በሆነበት ዘመን ይኸው ደግ ሕግ ቆጣቢውን ይጎዳል፦ ዛሬ የተወውን ነገ ሌላው ሊበላው ይችላልና። ይህን ማብራሪያ ከሚቀርቡት ሁሉ ይበልጥ የምቀበለው ሰዎቹን ሞኝም መልአክም ስለማያደርጋቸው ነው።

እርግጥ ነው፣ እነዚህ ጥናቶች ሁሉ የቆሙት በአንድ ወገን ብዕር ላይ ነው። ፋክተሩ የራሱን ስንፍና ለመሸፈን «ሕንዶቹ እንቢ አሉ» ሊል ይችላል። የሒሳቡ መዝገብ ከደብዳቤው ይልቅ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ መርከቡ የጫነው ቆዳ ይቆጠራልና።

የዝይ አዳኞችና የምሽጉ ሴቶች

ከሩቅ ከሚመጡት ነጋዴዎች ሌላ በምሽጉ አካባቢ የሚኖሩ የቆላው ክሪዎች ነበሩ፤ እንግሊዞች የቤት ጠባቂ ይሏቸዋል። እነዚህ በጸደይና በበልግ ለሚያልፈው የዝይ መንጋ ይወጣሉ፤ የተገደለው ዝይ በጨው ተደርጎ በበርሜል ይታሸጋል፤ ምሽጉ ክረምቱን የሚያልፈው በዚያ ነው። ከእንግሊዝ የሚመጣው ስንቅ በዓመት አንዴ፣ በነሐሴ፣ በአንድ መርከብ ሲሆን፣ መርከቡ ከዘገየ ወይም በበረዶ ከተያዘ የአዳኞቹ ዝይ ነፍስ አድን ነው። የሴቶቹ ሥራ ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ በጨረፍታ ብቻ ይታያል፦ በበረዶ ላይ የሚያስኬደውን ሰፊ ጫማ በጠፍር መጥለፍ፣ የቆዳ ጫማ መስፋት፣ ጸጉራሙን ቆዳ ፍቆ ማዘጋጀት። የኩባንያው ሰው ያለ እነርሱ ከምሽጉ በር አንድ ምዕራፍ አይሄድም።

ሎንዶን ሴት ወደ ምሽጉ እንዳትገባ ደጋግማ ትእዛዝ ትሰጥ ነበር። ትእዛዙ የተደጋገመው ስላልተከበረ ነው። ለብዙ ዓመታት ዮርክን ያስተዳደረው ጄምስ አይሻም ራሱ ከክሪ ሴት የተወለደ ልጅ ነበረው፤ በ1761 ሲሞትም ንብረቱን ለዚሁ ልጅ አወረሰ። ሲልቪያ ቫን ከርክና ጄኒፈር ብራውን በ1980 በየፊናቸው ያሳተሟቸው መጻሕፍት እንዲህ ዓይነቱ ጋብቻ የንግዱ የጀርባ አጥንት እንደነበር አሳይተዋል። ዝምድና ዕዳም ያስከትላል፤ አማች የሆነ ፋክተር በረኃብ ጊዜ በሩን ሊዘጋ አይችልም።

የ1782 ዓመት

በ1781 ፈንጣጣ ከደቡብ በሜዳው በኩል ወጥቶ የቆዳውን መንገድ ተከትሎ ወደ ሰሜን ወረደ። በ1782 የዮርክ ነጋዴዎችን አገኛቸው። በየዓመቱ ተሰልፈው ይመጡ የነበሩት ታንኳዎች በጥቂቱ ብቻ ታዩ። ከሞቱት ሰዎች መካከል ትልቁን የአስታራቂነትና የመካከለኛ ነጋዴነት ሥራ የሚያውቁ አለቆች ነበሩባቸው። በዚያው በጋ ደግሞ፣ ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር በጦርነት ላይ ሳለች፣ ላ ፔሩዝ የተባለው ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንን በሦስት የጦር መርከቦች መጣ። በነሐሴ መጀመሪያ በቸርችል ያለውን ትልቁን የድንጋይ ምሽግ ያለ ውጊያ ተቀበለ፤ ነሐሴ 24 ቀን ዮርክን ያዘና አቃጠለው። ስለ ምሽጎቹ ወታደራዊ ጥንካሬ ከዚህ በኋላ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ለአሥርተ ዓመታት የተገነባው የቸርችሉ የድንጋይ ግንብ አንድ ቀን እንኳ አልተከላከለም።

ኩባንያው ዮርክን በ1783 ተመልሶ ሠራው። በ1788 ጎርፍ ስላጥለቀለቀው ትንሽ ወደ ላይ፣ ከፍ ወዳለው ዳርቻ፣ ተዛወረ። ለክሪዎች ግን የ1782 ጉዳት በእንጨት የሚጠገን አልነበረም።

ሌላው ገዢ ሲጠፋ

ለአርባ ዓመት ያህል የመደራደሩን ኃይል ያቆየው የሞንትሪያሉ የኖርዝ ዌስት ኩባንያ ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች በየወንዙ መታጠፊያ ጣቢያ እየሠሩ፣ ስጦታ እያበዙ፣ አረቄ እያፈሰሱ፣ አልፎ አልፎም እየተጋደሉ ተወዳደሩ። ውድድሩ ለእንስሳውም ለሕዝቡም ጥፋት ነበረው፤ በተለይ አረቄው በ18ኛው መቶ ዘመን ከነበረው በእጅጉ የጨመረው በዚህ ጊዜ ነው። ቢሆንም አዳኙ የሚመርጠው ነበረው።

በ1821 ሁለቱ ተዋሐዱ። አዲሱ የሰሜን ገዥ ጆርጅ ሲምፕሰን ተደራራቢ ጣቢያዎችን ዘጋ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ ሠራተኛ አሰናበተ፤ ለአለቆች የሚሰጠውን ገጸ በረከት ቀነሰ፤ አረቄውን በብዙ ቦታ አስቀረ። በተመናመነባቸው አካባቢዎች የቢቨር አደን ኮታ አወጣ። አንዳንዱ እርምጃ በራሱ የሚመሰገን ነው። ልብ የሚባለው ግን አወሳሰኑ ነው፦ ሃምሳ ዓመት አስቀድሞ ቢሆን እንዲህ ያለ ውሳኔ ፒፓውን አስይዞ አለቃውን ወደ ሌላ ወንዝ ይሰደው ነበር። አሁን የሚሄድበት ሌላ ወንዝ አልነበረውም። በመስኮት ፊት የነበረው ሙግት ቀርቶ የዱቤ መዝገብ ቦታውን ያዘ፤ አዳኙ በበልግ ባሩድና ወጥመድ ይወስዳል፣ በጸደይ በቆዳ ይከፍላል፣ የጎደለው ለከርሞ ይተላለፋል።

ዮርክ ራሱ በዚህ ዘመን ከመቼውም በላይ ደመቀ። የሰሜኑ ክፍል ዋና መጋዘን ሆኖ፣ ከባሕረ ሰላጤው እስከ ሮኪ ተራሮችና ከዚያም ማዶ ለሚደርሱ ጣቢያዎች ዕቃ ያከፋፍል ነበር። የኩባንያው የሰሜን ምክር ቤት በየጊዜው ይሰበሰብበት ነበር። ዕቃው የሚሄደው ዮርክ በሚባሉት ትላልቅ የእንጨት ጀልባዎች ሲሆን፣ ቀዛፊዎቹ መጀመሪያ በአብዛኛው ከስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች የመጡ፣ በኋላም ክሪዎችና ክልሶች ነበሩ። ዛሬ የቆመው ነጭ መጋዘን መሠራት የጀመረው በ1831 ነው። ሥሩ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዷማ አፈር ስለሆነ፣ መሬቱ ሲያብጥና ሲሰምጥ ሕንፃው አብሮ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ተገጣጠመ፤ እስከ ዛሬ ያልፈረሰውም በዚሁ ነው። በ1840 የመጣችው የሹሙ ሚስት ሌቲሺያ ሃርግሬቭ የላከቻቸው ደብዳቤዎች በዚህ ቦታ ስለነበረው የሹማምንት ኑሮ፣ ስለ ማዕረግ ሽኩቻና ስለ ሐሜት ጭምር፣ ከኩባንያው ዘገባ የማይገኝ ብዙ ነገር ይነግሩናል።

ውድቀቱ የመጣው ከደቡብ ነው። በአውሮፓ የሐር ባርኔጣ የቢቨሩን ተክቶ ነበር። በ1859 በቀይ ወንዝ ላይ በእንፋሎት የሚሄድ ጀልባ ሲታይ፣ ቀጥሎም የባቡር ሐዲድ ከአሜሪካ በኩል ሲቀርብ፣ በዓመት አንዴ በበረዶ መካከል የሚመጣው መርከብ ትርጉሙን አጣ። በ1870ዎቹ አጋማሽ ዮርክ ወደ ተራ የአካባቢ ጣቢያ ዝቅ አለ፤ በዚያ ሁኔታ ለሰማንያ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1957 ተዘጋ። በ1936 ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ተብሎ ነበር፤ በ1968 ወደ ካናዳ መንግሥት እጅ ገባ። የወንዙ ዳርቻ በየዓመቱ እየተናደ ወደ ሕንፃው ይቀርባል። መዝገቡ ግን ደኅና ቦታ አግኝቷል፤ በ1974 ከሎንዶን ወደ ዊኒፔግ ተዛውሮ፣ በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል። ኩባንያው ራሱ በመጨረሻ የመደብር ነጋዴ ሆኖ ቆይቶ በ2025 ሱቆቹን ሁሉ ዘጋ።

የሁለቱ ወገኖች የመጨረሻ ሒሳብ እንዲህ ተዘግቷል። የሩፐርት ምድር በ1870 ወደ ካናዳ ሲተላለፍ ኩባንያው 300,000 ፓውንድ፣ በጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለውን መሬት፣ እንዲሁም ለም ከሆነው አካባቢ አንድ ሃያኛውን አገኘ። የዮርክ ክሪዎች በዚያ ስምምነት ላይ አልተጠየቁም። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1910፣ አምስተኛው ውል በሚባለው ስምምነት ውስጥ እንዲገቡ ተደረገ። ጣቢያው ሲዘጋም መንግሥት ወደ ውስጥ፣ ዮርክ ላንዲንግ ወደሚባል መንደር አዛወራቸው። በውሉ መሠረት ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት የሚከፈለው 5 ዶላር ነው፤ ዛሬም የሚከፈለው ያው 5 ዶላር ነው።